ውኃ ያልጠማው ቁልቋል

በዚህ ዓምድ ስለ ሎሚና ስለ ብርቱካን ችግኝ አተካከል ከጻፍን ወዲህ፣ በሥራ ምክንያት ጅቡቲ ከተማ የሚኖሩ አንዳንድ አንባብያን፣ «ምክራችሁ ሁሉ ለደጋ ሰው ነው፤ እኛስ በዚህ ሐሩር፣ ባንድ ጠባብ ሰገነት ላይ፣ ምን ተክለን እንይ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ቅሬታቸው ተገቢ ነው። ጅቡቲ ዝናቧ በዓመት በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚግል፣ ሌሊቱም ብዙ ጊዜ ከ30 ዲግሪ የማይወርድ፣ በዚህም ላይ ኸምሲን የተባለው የበጋ ነፋስ አቧራና ወላፈን የሚያመጣባት የወደብ ከተማ ናት። ለእንዲህ ያለው ቦታ ማንም ሰው ፈጥኖ የሚያስበው ተክል ቁልቋል ነው። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በጅቡቲ ሰገነት ላይ ቁልቋልን ይልቁን የሚገድለው ጥም ሳይሆን ውኃ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንዲት ጎረቤታችን ነው። እኒህ ወይዘሮ የድሬዳዋ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው በወደቡ ሥራ ይተዳደሩ ስለነበር ጅቡቲን ቤታቸው ካደረጉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው ባረፉ ጊዜ ከእናታቸው በረንዳ ያመጡት አንድ ነገር ቢኖር፣ በዘይት ጣሳ የተተከለ፣ ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የቆመ ቁልቋል ነበር። ይህ ዓይነቱ ቁልቋል በሳይንስ ስሙ ሴሬየስ ይባላል፤ ትልቅ ነጭ አበባው ማታ ፈክቶ ሲነጋ ይከስማል። እናታቸው አበባው በሚፈካበት ሌሊት ጎረቤት ጠርተው ቡና ያፈሉ ነበር አሉ።

አንድ ነሐሴ ላይ ወይዘሮዋ የቁልቋሉ ገላ ሲሸበሸብ አዩ። «ጠምቶት ነው» ብለው ጧትና ማታ ያጠጡት ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት እግሩ ጠቆረ፤ በጣት ሲጫኑትም እንደ በሰለ ሙዝ ሰረጎደ። «ልጄ፣ እናቴን ሁለተኛ ልቀብራት ነው» ብለው ቢጠሩን ሄደን አየነው። እንዴት እንደ ዳነ ወደ ኋላ እንናገራለን፤ አስቀድሞ ግን ለምን እንደ ታመመ መረዳት ይሻላል።

አብዛኛው ተክል ቀን በብርሃን ጊዜ በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከፍቶ አየር ይስባል፤ በዚያውም መንገድ ውኃው እየተነነ ይወጣል። ቁልቋል ግን ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ይውላል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታቸውና ለምግቡ የሚያስፈልገውን ካርቦን ዳዮክሳይድ ስቦ፣ ወደ አሲድ ለውጦ ያከማቸዋል፤ በማግሥቱ ፀሐይ ሲወጣ ካከማቸው እያወጣ ምግቡን ይሠራል። በአሜሪካ በረሃ ቀኑ ቢያቃጥልም ሌሊቱ ይቀዘቅዛልና ይህ ዘዴ ያዋጣል። በጅቡቲ በጋ ግን ሌሊቱም አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ቁልቋሉ ቀዳዳዎቹን እንደሚገባ አይከፍትም፤ እድገቱን አቁሞ ይተኛል፤ ሥሩም ውኃ አይስብም። የማይስብ ሥር በሞቀና በረጠበ አፈር ውስጥ ሲቀመጥ ሻጋታ ይይዘዋል፤ መበስበሱም ከዚያ ይጀምራል። የገላው መሸብሸብ እንግዲህ የተኛ ተክል ምልክት እንጂ የጥም ልመና አልነበረም።

ከዚህ የተነሣ በኤውሮጳ የታተሙት የአትክልት መጻሕፍት የጅቡቲን ሰው ያሳስቱታል። በፓሪስ ክረምቱ ብርድና ጨለማ፣ የበጋው ሌሊት ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ፣ መጻሕፍቱ «በበጋ አጠጣ፣ በክረምት ተው» ይላሉ። በጅቡቲ ነገሩ ተገልብጦ መነበብ አለበት። የቁልቋሉ የሥራ ወራት ከኅዳር እስከ መጋቢት ናቸው፤ በእነዚህ ወራት አፈሩ እስከ ታች ድረስ ከደረቀ በኋላ በየዐሥር ወይም በየዐሥራ አምስት ቀኑ አጥግቦ ማጠጣት ይበቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም በወር አንድ ጊዜ፣ ያውም ከመሸ በኋላ፣ ትንሽ ማርጠብ ነው፤ ትልልቆቹን ጨርሶ ቢተዉአቸውም አይጐዱም። በአዲስ አበባ ደግሞ ሌሊቱ ዓመቱን በሙሉ ቀዝቃዛ ነውና ችግሩ ሌላ ነው፤ በዚያ የሚያስፈልገው የክረምቱ ዝናብ እንዳይወርድበት ከጣራ ሥር ማስጠጋት ብቻ ነው።

አማርኛ የሚማር ሰው በዚህ ተክል ስም ሊሰናከል ይችላልና ስለ ስሙም ጥቂት እንበል። ቁልቋል የሚለው ቃል በጥንት ትርጉሙ የአገራችንን ትልቅ ዛፍ፣ ቅርንጫፎቹን እንደ መቅረዝ ወደ ሰማይ ያነሣውን፣ በየዳገቱና በየአጥሩ የምናየውን ያመለክታል። ይህ ዛፍ በሳይንስ ዩፎርቢያ ከሚባለው ወገን ነው፤ ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብም ዘመዱ ነው። ካክተስ የሚባለው ሌላ ነገድ ነው፤ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ ሌላው ዓለም የተዛመተው ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕር ከተሻገረ ወዲህ ነው። ከዚህ ነገድ አንዱ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ግንድ ያለውና ፍሬው የሚበላው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ትግራይ ገብቶ በለስ ተባለ፤ አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ የባሕር ቁልቋል አለው። ባሕር ማለቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ለማለት ነው። ባሕር ዛፍም፣ ቀድሞ ለበቆሎ የተሰጠው የባሕር ማሽላ የሚለው ስምም በዚሁ መንገድ የወጡ ናቸው። በአፍሪቃ ምድር ማንም ሳይተክለው የሚገኝ የካክተስ ዓይነት አንድ ብቻ ነው፤ ሪፕሳሊስ ይባላል፤ እንደ ክር ተንጠልጥሎ በዛፍ ላይ የሚኖር ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ያየው ሰው ካክተስ ነው ብሎ አይጠረጥርም።

የሁለቱ ነገድ ልዩነት የስም ጨዋታ ብቻ አይደለም። አገር በቀሉን ቁልቋል ወይም ቅንጭብን በመርፌ ጫፍ ቢወጉት ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ ካክተሱን ቢወጉት በአብዛኛው ጥርት ያለ ውኃ ነው። ነጩ ወተት ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ከገባ ከባድ ሥቃይና ለጊዜው እስከ ማሳወር የሚደርስ ጉዳት ያመጣል። ሕፃን ባለበት ቤት ወተታም ተክል ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ፤ የሚቆርጠውም ሰው ጓንትና መነጽር ያድርግ። ወተቱ ዓይን የገባ እንደሆነ ሳይሹ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብና ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ይህንም የምንጽፈው ተክሉን ለማስጠላት አይደለም፤ ወይዘሮዋ ቁልቋላቸውን ስንቆርጥ ፊታቸውን ሸፍነው ከበሩ ኋላ ቆመው ነበርና፣ የእርሳቸው ግን ካክተስ ስለሆነ የሚያስፈራ ወተት አልነበረውም።

አሁን ወደ ውኃው እንመለስ፤ በጅቡቲ ከአትክልት ነገር ሁሉ የሚከብደው እርሱ ነውና። ከተማዋ ለብዙ ጊዜ የኖረችው በባሕሩ አጠገብ ከጥቁር ድንጋይ ሥር በሚወጣ የጉድጓድ ውኃ ነው፤ ይህም ውኃ ጨዋማ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሚገኘው ከሃደጋላ በቧንቧ የሚመጣ ውኃ ተጨመረላት፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዶራሌ የባሕር ውኃን የሚያጣራ ፋብሪካ ተመረቀ። ሆኖም በየቤቱ የሚደርሰው ውኃ ዛሬም አንድ ዓይነት አይደለም። በማሰሮው አፍና በአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት የታየ እንደሆነ ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ ሥርን ያደርቃል። በኅዳር መጀመሪያ በተገኘው ጣፋጭ ውኃ ጨው በቀዳዳው በኩል ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ አንድ ጊዜ አብዝቶ ማፍሰስ ይጠቅማል። ከባሕር ዳር አሸዋ እየዛቁ ማሰሮ የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ተክሉን በገዛ እጅ በጨው እንደ መቅበር ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ጣፋጭ ውኃ ከአየር ማቀዝቀዣው ቱቦ ሥር ይንጠባጠባል። ይህ ውኃ ከአየሩ እርጥበት የተጨመቀ ስለሆነ ጨው የለበትም። ለመጠጥ አይሆንም፤ ለተክል ግን ይስማማል። ታዲያ የአየር ማቀዝቀዣው ብዙ ውኃ የሚሰጠው ቁልቋሉ በተኛበት በጋ ነውና፣ ሰዎች በባልዲና በበርሜል ያጠራቅሙታል። እዚህ ላይ እባክዎ አንባቢ ሆይ፣ ቆም ብለው ያንብቡ።

አኖፌሌስ ስቴፌንሲ የተባለች፣ ቀድሞ በእስያ የምትታወቅ የወባ ትንኝ በአፍሪቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በ2012 እ.ኤ.አ. በዚችው በጅቡቲ ከተማ ነው። ሌሎቹ የወባ ትንኞች ረግረግና ኩሬ ሲወዱ፣ ይህች ግን ከከተማ ሰው ጋር ተስማምታ በበርሜል፣ በታንከርና በባልዲ ውስጥ ትራባለች። በጅቡቲ በ2012 እ.ኤ.አ. 27 ብቻ የነበረው የወባ ሕመምተኛ ቁጥር በ2020 እ.ኤ.አ. ከ73,000 በላይ ሆነ። በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ ለተነሣውም የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። እንግዲህ ለአበባ ብሎ ክዳን የሌለው ውኃ በሰገነቱ ላይ የሚያኖር ሰው ለራሱም ለጎረቤቱም ትንኝ ማርባቱ ነው። ውኃው ክዳኑ በሚጠብቅ ጀሪካን ይቀመጥ። ከማሰሮ ሥር የሚደረገው ሳሕን ጨርሶ ይነሣ፤ ለቁልቋል አያስፈልገውምና። ሳሕን የማይለቅ አበባ ያለው ቤት ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ውኃውን ደፍቶ ሳሕኑን ይፈግፍግ። ለጅቡቲ ቤት ቁልቋልን ከሌላ አበባ የምናስበልጠው ስለዚሁ ነው፤ የቆመ ውኃ የማይፈልግ ጌጥ ነው።

የእኒያ ወይዘሮ ቁልቋል የዳነው በቢላዋ ነው። ስለታም ቢላዋ በአልኮል ጠርገን ከጠቆረው ቦታ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን ቆረጥነው። የተቆረጠው ፊት ሲታይ በመካከሉ ካለው ቀለበት ላይ ቡናማ ነጥብ ነበረበት። እንዲህ ያለ ነጥብ፣ የመርፌ ጫፍ እንኳ ቢያህል፣ ከቀረ መበስበሱ ወደ ላይ መውጣቱን አይተውም። ስለዚህ ቢላዋውን በየጊዜው እየጠረግን ደግመን ቆረጥን፤ ሦስተኛም ቆረጥን፤ በአራተኛው ፊቱ ነጣ ያለ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ታየ። እስከ ወገብ ይደርስ ከነበረው ተክል የቀረው አንድ ክንድ ያህል ነበር። ወይዘሮዋ ምንም ሳይናገሩ ቆዩና፣ «ይኼ ይበቃል» አሉ። እኛ ግን አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፍ ዘንድ ያንኑ ክንድ ለሁለት ከፈልነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ምንም አለመሥራት ነው፤ ለብዙ ሰውም የሚያስቸግረው ይኸው ነው። የተቆረጠው ቁልቋል ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር ከነካ ይበሰብሳል። የትኛው ጫፍ ወደ ታች እንደ ነበር በእርሳስ ምልክት ይደረግበት፤ ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ እንደሚገባ አያድግም። ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከተኛ ሥሩን በጎኑ ያወጣል፤ ጫፉም ወደ ብርሃን ይጎብጣል። ቀጭኑ በአንድ ሳምንት፣ እንደ ክንድ የወፈረው በሦስት ሳምንት ቁስሉ እንደ ቆዳ ይደርቃል። የወይዘሮዋ ሁለት ቁራጮች ግን ወሩ ነሐሴ ስለ ነበር እስከ ጥቅምት ድረስ ያለ አፈርና ያለ ውኃ በወንበር ላይ ቆመው ከረሙ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እነዚህ ምንድን ናቸው?» ይባሉ ነበር። ቁልቋል በገላው ውስጥ ባጠራቀመው ውኃ ወራትን ያሳልፋልና አልተጐዱም።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ሁለት እጅ የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ አፈር ቀላቅለን፣ ሥሩ በምስማር በብዙ ቦታ በተበሳ ጣሳ ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ብቻ አስገብተን፣ በእንጨት ደግፈን ተከልናቸው። ጣሳው የፀሐይን ሙቀት እንዳያስገባ ውጪውን ኖራ ቀባነው፤ ጥቁር ላስቲክ ወይም ባዶ ቆርቆሮ በጅቡቲ ፀሐይ ሥርን ይቀቅላል። ቦታውም የጧት ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ሆነ። ቁልቋል ፀሐይ አይፈራም ማለት ስሕተት ነው፤ በጥላ ያደገውን ባንድ ቀን ወደ ጠራራ ቢያወጡት ገላው ይነጣና የማይሽር ጠባሳ ይቀርበታል። ውኃ የሰጠናቸው ቁራጮቹን በቀስታ ሳብ አድርገን ሥር መያዛቸውን ካረጋገጥን በኋላ፣ በአንድ ወር ገደማ ነው።

ሌሎቹ ቁልቋሎች ከዚህ ይቀላሉ። የባሕር ቁልቋል ሕዝቡ ቅጠል የሚለውን ጠፍጣፋ ግንድ ከመጋጠሚያው ቆርጦ፣ አንድ ሁለት ሳምንት አድርቆ፣ ሢሶውን በአፈር መቅበር ነው። ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን እሾሆች አሉትና በእጅ ሳይሆን በታጠፈ ጋዜጣ ይያዝ። (ይህን ጋዜጣ አንብበው ከጨረሱ በኋላ ቢጠቀሙበት ቅር አይለንም።) ኳስ የሚመስሉት ትንንሾች ከእግራቸው ሥር ልጆች ያወጣሉ፤ ልጁን ጠምዝዞ አውጥቶ ማድረቅና መትከል ነው። ወተታሙን ዩፎርቢያ የሚቆርጥ ሰው ቁስሉን ቀዝቃዛ ውኃ ቢያስነካው ወተቱ ይቆማል፤ የቀረው ሥራ አንድ ነው። ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ የታየ እንደሆነ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ማበስ ነው። በትግራይ ለቀይ ቀለም ተብሎ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የገባው ኮችኒል የተባለ ተባይ ከቁጥጥር ወጥቶ የብዙ ገበሬ በለስ አጥፍቷልና፣ የታመመ ቁልቋል በአጥር ላይ ወደ ውጪ መወርወር አይገባም።

እንግዳ ተክል እናሳድግ የሚሉ የጅቡቲ ነዋሪዎች ከሩቅ ከማዘዛቸው በፊት የአካባቢውን ቢያዩ ይሻላል። በጅቡቲና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ድንጋያማ ቦታ የሚበቅለው፣ እግሩ እንደ ጠርሙስ ያበጠ፣ አበባው ሮዝ የሆነው፣ ብዙዎች የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉት አዴኒየም፣ ዛሬ ከታይላንድ እስከ አሜሪካ በውድ የሚሸጥ ተክል ነው። ለኤውሮጳ ሳይንስ መጀመሪያ የመዘገበው በዴንማርክ ንጉሥ ተልኮ የመን የደረሰው ፎርስኮል ነበር፤ እርሱም በ1763 እ.ኤ.አ. እዚያው በወባ ሞተ፤ ጽሑፉ የታተመው በ1775 እ.ኤ.አ. ነው። የተክሉ ስም ከዓደን ስም የወጣ ነው። አዴኒየም ከካክተስ በተለየ ሙቀት ይወዳል፤ የበጋውን የአየር ማቀዝቀዣ ውኃ ሊሰጡት የሚገባው ለእርሱ ነው፤ አፈሩ ግን በየመካከሉ ይድረቅ። ጭማቂው ልብን የሚጎዳ መርዝ ስላለበት ከሕፃንና ከፍየል ይራቅ። እንደ ቀንድ ጥንድ ሆኖ ከሚወጣው ፍሬው ውስጥ በሁለት ጫፉ ጸጉር ያለውን ዘር ትኩሱን ቢዘሩት በሳምንት ገደማ ይበቅላል። በቅርንጫፍም ይራባል፤ ነገር ግን ያ የሚወደደው ወፍራም እግር በደንብ የሚወጣው ከዘር ከተነሣው ነው።

ስለዚህ ከተራራ ላይ ነቅሎ ማምጣት ለምን ያስፈልጋል? ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተ ሰሜን በጎዳ ተራሮች የሚገኘው የባንኳሌ ዘንባባ ከጅቡቲ፣ ከሶማሊያና ከየመን በቀር በዓለም ላይ ሌላ የትውልድ ቦታ የለውም፤ ቁጥሩም አነስተኛ ነው። በዚያው ተራራ የሚበቅለው የዘንዶ ደም የሚባለው ዛፍም እየመነመነ ነው። ካክተሶች፣ ወተታሞቹ ዩፎርቢያዎችና ከተለመደው እሬት በቀር ሌሎቹ የእሬት ዓይነቶች በአብዛኛው በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቁ ስለሆኑ፣ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር አይቻልም። ከአዲስ አበባም በባቡር ማሰሮ ታቅፎ የሚወርድ ሰው አስቀድሞ የእርሻ ባለሥልጣኖችን ይጠይቅ። ወይዘሮዋ የእናታቸውን ጣሳ ሲያመጡ ይህን አያውቁም ነበር፤ እኛም አናውቅም ነበር።

ሁለቱም ቁራጮች ያዙ። የላይኛውን እርሳቸው ወሰዱ፤ በሦስተኛው ዓመት በመጋቢት አንድ ሌሊት በራችንን አንኳክተው ቀሰቀሱን፤ ሰገነታቸው ላይ ረከቦት ቀርቦ፣ ዕጣን ጤሶ ቆየን። የታችኛው በእኛ ዘንድ ነው። ቁመቱ አሁን ከጉልበት አልፏል፤ አበባ ግን ገና አላወጣም።